ያረጀች አህያ ስትከሳ ምን እናድርግ?



አህያ በቤታችሁ የምትሠራውን ሥራ እናንተ ከማንም በላይ ታውቃላችሁ። ውኃ ከምንጭ ታመጣለች። እህል ከአውድማ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ወፍጮ ታደርሳለች። ማገዶ ትሸከማለች። ገበያ ትሄዳለች። ድሮ ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው ሰቆጣ ገበያ ይደርስ የነበረው በጭነት እንስሳት ጀርባ ነው። ዛሬም ቢሆን መኪና የማይገባበት የዋግ ገደልና ሸለቆ ብዙ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ቆጠራ በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለው አገር የለም።

አህያ የሌለው በቅሎ ይንቃል ይባላል። ጥቅሟ የሚታወቀው ስትጠፋ ነው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ዋግ ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር ትልልቆቹ ታስታውሳላችሁ። የጭነት እንስሳ ያለቀበት ቤት እህሉንም ውኃውንም የሚሸከመው በሰው ጀርባ ነው። ያም ጀርባ ብዙውን ጊዜ የእናት ወይም የልጃገረድ ጀርባ ነው።

ታዲያ አህያችን አርጅታ ስትከሳ ምን እናደርጋለን? ብዙ ሰው «አርጅታለች፣ አበቃላት» ብሎ ይተዋታል። አንዳንዱ ሜዳ ላይ ይለቃትና ጅብ ይበላታል። ሌላው ደግሞ ያዝንላትና አንድ ቁና ገብስ በአንድ ጊዜ ያቀርብላታል። ሁለቱም ልክ አይደለም። የመጀመሪያው ልትድን የምትችለውን ይጥላል፤ ሁለተኛው በደግነት ይገድላል።

እኔ ተማሪ ነኝ። አህያ በመጫንና በመንዳት እናንተ ትበልጡኛላችሁ። ነገር ግን የእንስሳት ሐኪሞች ስለ አህያ ጥርስና ሆድ መርምረው ያወቁት ነገር አለ። እሱን በቀላል ቃል ላስረዳችሁ።

እርጅና ብቻውን አያከሳም

ይህን ቃል ያዙልኝ። በደንብ የተያዘች አህያ 30 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። እንግዲህ አንዲት አህያ አረጀች ማለት ቆዳዋ ከአጥንቷ ይጣበቃል ማለት አይደለም። ከከሳች ያከሳት ነገር አለ። ያን ነገር ሳናገኝ ብናበላት፣ በቀዳዳ እንስራ ውኃ እንደመሙላት ነው።

መጀመሪያ መክሳቷን በእጅ እንወቅ። ዐይን ያታልላል። በደጋ ያለች አህያ ጠጕሯ ረጅም ስለሆነ ወፍራም ትመስላለች። ሆዷም በገለባ ወይም በትል ተነፍቶ ሊያታልለን ይችላል። ስለዚህ በመዳፋችሁ ዳስሱ። የጎድን አጥንቷን፣ አከርካሪዋን፣ ዳሌዋን ዳስሱ። አጥንቱ በቀጭን ሥጋ ተሸፍኖ ጫን ስትሉ ብቻ የሚሰማችሁ ከሆነ ደህና ናት። ሳትጫኑ እያንዳንዱን ጎድን መቁጠር ከቻላችሁ፣ አከርካሪዋም እንደ ቤት ጣራ ጫፍ ሾሎ ከተሰማችሁ፣ በጣም ከስታለች።

ያከሳትን ነገር መፈለግ

አንደኛ፤ ጥርስ። ባረጀች አህያ ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጥርስ ነው። የአህያ የፊት ጥርሶች በ5 ዓመቷ ገደማ ተለውጠው ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ ጥርሷ በማኘክ ብዛት ከላይ ይበላል፤ ከሥር ደግሞ ቀስ እያለ ይወጣል። የላይኛው መንጋጋዋ ከታችኛው ሰፋ ያለ ስለሆነ ጥርሶቹ እኩል አይበሉም። ጠርዛቸው እንደ ቢላዋ ይሾላል። የላይኛው ጉንጯን፣ የታችኛው ምላሷን ያቆስላል። ዕድሜዋ ሲገፋም ጥርሱ ተበልቶ ያልቃል፣ ይነቃነቃል ወይም ይወልቃል። ያን ጊዜ ሣር ፊቷ እያለ ትራባለች።

ምልክቱ ይህ ነው። ያኘከችውን ሣር ጠቅልላ ትተፋለች። ለሃጯ ይዝረበረባል። አፏ ይሸታል። በአንድ ወገን ብቻ ታኝካለች። ፋንድያዋን በእንጨት ፈልጣችሁ ብታዩት ረጃጅም ገለባና ያልተፈጨ ገብስ ታገኛላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው የእንስሳት ጤና ኬላ ውሰዷት። የሾለውን ጥርስ የሠለጠነ ሰው በሞረድ ያስተካክለዋል። እጃችሁን በመንጋጋዎቿ መካከል አታስገቡ፤ ጣት ትቆርጣለች። ጥርሷን በመዶሻ መስበር፣ ጉንጯንም በጋለ ብረት መተኮስ አይጠቅማትም። ቁስል ላይ ቁስል መጨመር ነው።

ሁለተኛ፤ የሆድ ትል። የትሉ እንቁላል በፋንድያ ይወጣል። እርጥበት ሲያገኝ ይፈለፈልና ሣሩ ላይ ይወጣል። አህያዋ ሣሩን ስትግጥ መልሳ ትውጠዋለች። ትሉ በአንጀቷ ሆኖ ደሟን ይጠጣል፤ ምግቧን ይካፈላል። ጠጕሯ ይጠወልጋል፤ ድዷና የዐይኗ ውስጥ ይገረጣል። የትል መድኃኒት አለ። ነገር ግን መጠኑ በክብደቷ ልክ የሚሰጥ ነው። ካነሰ ትሉ አይሞትም፤ ይልቁንም መድኃኒቱን ይለምደዋል። በጣም ለደከመች አህያ መቼና ምን ያህል እንደሚሰጥ የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። በገበያ መሬት ላይ ተዘርግቶ የሚሸጠውን፣ ስሙና ጊዜው የማይታወቀውን መድኃኒት አትግዙ። በረቱን ከፋንድያ ማጽዳት ደግሞ ያለ ገንዘብ የሚገኝ መድኃኒት ነው።

ሦስተኛ፤ ጭነትና ገጣባ። ገጣባ ያለባት አህያ ሕመሙ እረፍት ይነሳታል። የበላችውም ወደ ሥጋ ሳይሆን ወደ ቁስሉ ይሄዳል። ቁስል ላይ መጫን ደግሞ ቁስሉን በየቀኑ እንደ አዲስ መክፈት ነው። ጀርባዋን አንሥታችሁ እዩ።

አራተኛ፤ ጉልበተኞቹ። ወጣቶቹ አህዮችና ከብቶች አሮጊቷን ከገንዳው ይገፏታል። ማታ ማታ አብራ የበላች ይመስላችኋል፤ እሷ ግን ቆማ ነው የምታድረው። በሚበሉበት ሰዓት ቆም ብላችሁ ተመልከቱ።

አምስተኛ፤ እርግዝናና ማጥባት። ሴት አህያ ዓመት ያህል ታረግዛለች። ከዚያም ውርንጭላዋን ታጠባለች። በዚህ ጊዜ የምትበላው ለሁለት ነው።

የአህያ ሆድ እንዴት ይሠራል?

አሁን ዋናው ነገር ላይ ደረስን። ላም ትግጣለች፤ ከዚያ ተኝታ ታመነዥካለች። አህያ ግን አታመነዥክም። ጨጓራዋ አንድ ነው፤ ያውም ትንሽ። ገለባና ሣር የሚብላላው ከጨጓራዋ በኋላ፣ በትልቁ አንጀቷ ውስጥ ነው። እዚያ በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። ገለባውን አፍልተው ለአህያዋ ምግብ የሚያደርጉላት እነሱ ናቸው። ልክ እንደ ጠላ እርሾ አስቧቸው።

እርሾውን ታውቁታላችሁ። ቀስ ተብሎ ከተያዘ ጥሩ ጠላ ይወጣል። ያልለመደው ነገር በአንድ ጊዜ ቢጨመርበት ይበላሻል። የአህያም አንጀት እንዲሁ ነው። ገለባ የለመደ አንጀት ድንገት ብዙ እህል ሲገባበት ይኮመጥጣል። ገለባውን የሚያፈሉት ይሞታሉ፤ መርዝ ይፈጠራል። አህያ ማስታወክ አትችልም። ስለዚህ በሆድ ቁርጠት ትንከባለላለች። መርዙ ወደ ደሟ ገብቶ የሰኮናዋን ውስጥ ያቃጥላል፤ መራመድ ያቅታታል። አንድ ቁና ገብስ በደግነት ይገድላል ያልኩት ለዚህ ነው።

ሁለተኛም አደጋ አለ። አህያ ምግብ ጨርሳ ስታቆም ሰውነቷ የራሱን ስብ እያቀለጠ ወደ ደም ይለቃል። ስቡ በዝቶ ጉበቷን ይዘጋዋል። ይህ ነገር ከላምና ከበግ ይልቅ አህያን ይይዛል። በሁለት በሦስት ቀን ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ አህያ «ዛሬ አልበላችም፣ ነገ ትበላለች» አይባልም። አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች በዚያው ቀን ባለሙያ ይጠራ።

እንግዲህ መንገዱ ጠባብ ነው። ማስራብም አይሆንም፤ ማጨናነቅም አይሆንም። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ማብላት ብቻ ነው የሚያድናት።

በየሳምንቱ እንዴት እናብላት?

የመጀመሪያው ሳምንት። እህል አትስጧት። ያላችሁን ለስላሳ መኖ ምረጡላት፤ ድርቆሽ፣ የጤፍ ጭድ፣ የምስር ገለባ ወይም የታጨደ ለምለም ሣር። ለምለም ሣር ካልለመደች ከደረቁ ጋር ቀላቅሉት። በማጭድ በጣት ርዝመት ቆራርጡት። ጥርስ ለሌላት ደግሞ ውኃ አርከፍክፉበት። በቀን አምስት ስድስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ አቅርቡላት። ለማታም ተዉላት፤ አህያ ሌሊትም ትበላለች። ወፍራም የማሽላ አገዳ ለወጣቶቹ ይሁን፤ እሷ አታኝከውም።

ሁለተኛው ሳምንት። ጠዋት አንድ ጭብጥ፣ ማታ አንድ ጭብጥ ፉርሽካ ወይም የተከካ ገብስ ጨምሩ። ሦስት አራት ሰዓት በውኃ ዘፍዝፉት፤ ከዚያ ከጭዱ ጋር ለውሱት። ደረቁን አትስጡ። ጥርስ የሌላት አህያ ደረቅ ፉርሽካ ጉሮሮዋ ላይ ተጣብቆ ያንቃታል። የተዘፈዘፈውን በዚያው ቀን ስጡ፤ አድሮ ከኮመጠጠ ድፉት።

ሦስተኛው ሳምንት። ሁሉም ደህና ከሆነ፣ ፋንድያዋም እንደ ወትሮው ጠንከርከር ብሎ ከወጣ፣ ጠዋት ሁለት ጭብጥ፣ ማታ ሁለት ጭብጥ አድርጉ።

አራተኛው ሳምንትና ከዚያ በኋላ። በአንድ ጊዜ ከሦስት ጭብጥ አትለፉ። መጨመር ከፈለጋችሁ ቀትር ላይ ሌላ ጊዜ ጨምሩ እንጂ የአንዱን ጊዜ መጠን አታብዙ። የኑግ ፋጉሎ ካገኛችሁ ጥቂት ፈርፍሮ አርጥቦ መቀላቀል ሥጋዋን ይመልሳል።

በመካከል ፋንድያዋ ከቀጠነ ወይም ሆዷ ከተነፋ እህሉን አቁሙ። ወደ ጭዱ ተመለሱ። ሲሻላት እንደገና ከአንድ ጭብጥ ጀምሩ።

ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የሻገተ ገለባ አትስጡ፤ ገንዘብ ባይወጣበትም ነፍስ ያስከፍላል። በዩሪያ የታከመ ገለባ ለሚያመነዥኩ ከብቶች የተዘጋጀ ነው፤ ለአህያ አትስጡ። አተላ ደግሞ ቢሰጥ ትኩስና በጣም ጥቂት ይሁን፤ የቆየና የኮመጠጠ አተላ ለደከመ አንጀት አይሆንም።

ውኃ፣ ጨውና መጠለያ

ለሰው ውኃ የምታመላልሰው አህያ ራሷ ተጠምታ ልትውል ትችላለች። ምንጭ ስትደርስ መጀመሪያ ትጠጣ፤ ከዚያ ጀሪካኑ ይጫን። ቤትም ውኃ አስቀምጡላት። ውኃ ካልጠጣች ደረቁ ገለባ በአንጀቷ ውስጥ ይቋጠራል። የደጋ ጠዋት ውኃ በጣም ይቀዘቅዛል፤ አሮጊት አህያ ጥርሷን ስለሚያማት ትተወዋለች። ፀሐይ ላይ ቆይቶ ለብ ያለ ውኃ ብትሰጧት በደንብ ትጠጣለች። ጨው ደግሞ ቆርሳችሁ ስትፈልግ እንድትልሰው አስቀምጡላት።

ደጋ ላይ ያላችሁ ስለ ብርዱ አስቡ። ብርድ የመታት አህያ የበላችውን ሁሉ ለሙቀት ታነደዋለች፤ ለሥጋ የሚተርፍ የለም። ነፋስ የማይገባበት፣ ጅብ የማይደርስበት፣ ደረቅ ጭድ የተነጠፈበት ጥግ ይበቃታል። በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ያላችሁ ደግሞ ለቀን ጥላ አስቡ።

ስትመግቧት ከጉልበተኞቹ ለይታችሁ አብሏት። ግን ጓደኛዋን እንዳታጣ። አህያ ጓደኛ ትይዛለች። ከጓደኛዋ ጨርሶ ከለያችኋት ታዝንና መብላት ልታቆም ትችላለች። በመካከላቸው አጥር ይኑር እንጂ ይተያዩ።

ሥራዋስ?

በጣም የከሳች አህያ በመጀመሪያው ወር አትጫን። «ታዲያ ውኃ በምን ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥያቄው ትክክል ነው። ከጎረቤት ጋር ተመካከሩ። ዛሬ የእነሱ አህያ የእናንተን ውኃ ታምጣ፤ ነገ የእናንተ ስትድን የእነሱን ትጫናለች። ወንፈል ለአረምና ለአጨዳ ብቻ አይደለም።

ስትድን ጭነቷን በልክ አድርጉ። ባለሙያዎች የሚመክሩት ጭነቱ ከክብደቷ ሢሶ እንዳይበልጥ ነው። 120 ኪሎ ለምትመዝን አህያ 40 ኪሎ ማለት ነው። ለአሮጊቷ ከዚያም ይነስ። ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ብቻውን 40 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኩንታል መጫን ግን ለወጣቷም ግፍ ነው። ከጭነቱ በታች ወፍራምና ለስላሳ መደላድል አድርጉ፤ አከርካሪዋን ጭነት አይንካው።

በገመድ መለካት

ሚዛን በየቤቱ የለም። ገመድ ግን አለ። የማይሳብ ቀጭን ገመድ ውሰዱ። ከፊት እግሮቿ ወደ ኋላ ጠጋ ብላችሁ ደረቷን ዙሩበት። የተገናኘበት ላይ ቋጠሮ እሰሩ። ገመዱን ቤት ስቀሉት። በየ15 ቀኑ በዚያው ቦታ፣ ጠዋት ከመብላቷ በፊት ለኩ። አዲሱን ልክ በሌላ ቋጠሮ ምልክት አድርጉ። መጻፍ የቻለ ልጅ ካለ ቀኑን ደብተር ላይ ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ ለዚህም ይጠቅማል።

በ15 ቀን ብዙ ለውጥ አትጠብቁ። የከሳች በሁለትና በሦስት ወር እንጂ በሳምንት አትመለስም። ቋጠሮው ቀስ እያለ ወደ ውጭ ከሄደ ትክክለኛ መንገድ ላይ ናችሁ። ሁለት ወር ሙሉ እየበላች ቋጠሮው ካልተነቃነቀ ግን በውስጧ ሌላ በሽታ ሊኖር ይችላል። ባለሙያ ይያት። የማትድን ሆና ከተገኘችም ሥቃይዋ በባለሙያ እጅ ይቁረጥ። ዕድሜ ልኳን ላገለገለች እንስሳ ከነሕይወቷ ለጅብ መጣል ውለታዋ አይደለም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ባለቤቷ ግን ሊያስጥላት ይችላል።

ሳይውል ሳያድር ባለሙያ የሚጠራው መቼ ነው?

1. አንድ ቀን ሙሉ ካልበላች።
2. ከተንከባለለች፣ ሆዷን ከረገጠች፣ ጎኗን እየዞረች ካየች፣ ፋንድያ ካቆመች።
3. ሰኮናዋ ከጋለና ለመርገጥ ከፈራች።
4. የበላችው በአፍንጫዋ ከተመለሰ።
5. ከተኛችበት መነሣት ካቃታት።

ዝግጅቱ በኅዳር ይጀመር

መኖ የሚጠፋው በግንቦትና በሰኔ ነው። ያን ጊዜ የከሳችን አህያ ማዳን ከባድ ነው። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ አውድማው ሳይነሣ፣ አህዮቻችሁን በመዳፍ ዳስሱ። ከጤፉ ጭድ ለስላሳውን፣ ከምስሩ ገለባ ጥቂቱን ለብቻ ከምሩ። ዝናብ እንዳያገኘው ክደኑት። «ይህ የአሮጊቷ ነው» በሉት። ጥርሷንም በበጋው አሳዩ። የክረምቱ ጭቃና ብርድ ሲመጣ ሥጋ ይዛ ትጠብቀዋለች።

ይህን ጽሑፍ ያነበበ ላላነበበ ጎረቤቱ ያንብብለት።

ተወያዩበት

1. በቤታችሁ ያለችው አህያ ስንት ዓመቷ ነው? ጥርሷን መቼ አያችሁ?
2. ለከሳች አህያ ብዙ እህል በአንድ ጊዜ መስጠት ለምን ይጎዳል?
3. ጓደኛዋን ሳታጣ ከጉልበተኞቹ ለይቶ ለመመገብ በግቢያችሁ ምን ማድረግ ይቻላል?
4. የከሳች አህያ ስታርፍ ጎረቤቶች እንዴት ልትረዳዱ ትችላላችሁ?